ከትራፊ ምግብ የተጀመረ ትምህርት ቤት

ስለ ጎዳና ልጆች ሲነሳ «ገንዘብ ቢኖረኝ…» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ግን ጋሽ አስፋው የምሩ ምን ነበራቸው? በልጅነታቸው ከቡልጋ በእግራቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከለማኞች ጋር ያደሩ ሰው ናቸው። በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ገብተው አዳሪ ተማሪ ሲሆኑ፣ ከገበታ የተረፈውን ምግብ ለጎዳና ልጆች ማውጣት ጀመሩ። ልጆቹ ግን መማርም ፈለጉ። ገና ራሳቸው ተማሪ ሳሉ ደጅ ላይ ፊደል አስቆጠሯቸው። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የበቀለው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የሕፃናት ሽልማት ተሸለሙ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ሥራ ይዛችኋል። ሰፈራችሁ ውስጥ ከትምህርት የቀረ አንድ ልጅ አታጡም። በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡት፤ ግን አትቅሩበት። እኔም ዘግይቼም ቢሆን ከአንዱ ጋር ጀምሬያለሁ። እናንተስ?