ነፋሱ የማን ነው?

ስለ ታዳሽ ኃይል በተነሣ ቁጥር የዴንማርክ ስም ይነሣል፤ ከስሟም ጋር የግዙፍ ኩባንያዎቿ ስም። የነገሩ ሥር ግን የሚመዘዘው ከመንደር ነው። የመንደሩን ማኅበር ያሳደገውም ሆነ ኋላ ያቀጨጨው የነፋሱ መብዛትና ማነስ ሳይሆን፣ ባለቤትነትን የሚወስነው ሕግ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖል ላ ኩር የተባለ መምህር በ1891 በአስኮቭ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የነፋስ ወፍጮ አቆመ፤ ቆይቶም ለገጠሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን አሠለጠነ። ከዚያ በኋላ ርካሽ ነዳጅ መጣና ወፍጮው ተረሳ።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ዴንማርክ ከምትጠቀምበት ኃይል 90 ከመቶ ያህሉ ከውጭ ከሚገባ ዘይት የሚገኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ መፍትሔው የኑክሌር ጣቢያ ነው አሉ። ሕዝቡ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ክርስቲያን ሪሳየር የተባለ አናጢ በጓሮው 22 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ሠርቶ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር አገናኘው። በትቪንድ ደግሞ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች በ1978 ያጠናቀቁት ተርባይን በዘመኑ በዓለም ትልቁ ነበር። ምክር ቤቱ የኑክሌርን ነገር ከዕቅዱ የሰረዘው ከዚያ በኋላ፣ በ1985 ነው።

መንግሥትም የሚጠበቅበትን አደረገ ማለት ይቻላል። ከ1979 ጀምሮ ተርባይን ለሚተክል ሰው ከወጪው 30 ከመቶውን ይሸፍን ነበር፤ ይህንንም ድጋፍ ቀስ በቀስ እየቀነሰ በ1989 አቆመ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ገንዘቡ ሳይሆን ገደቡ ነው። የማኅበሩ አባል በተርባይኑ አካባቢ የሚኖር ሰው መሆን ነበረበት፤ የሚገዛውም ድርሻ ከቤቱ ፍጆታ ጋር የተመዛዘነ ነበር። ባለጸጋው ከዋና ከተማ መጥቶ ኮረብታውን ሁሉ ሊጠቀልል አይችልም ማለት ነው። አንዱ ድርሻ በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ምርት ነበር። አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ በጋራ ተጠያቂዎች ስለ ነበሩ፣ ማኅበሩ እንዳይበደር በመተዳደሪያ ደንቡ መከልከል የተለመደ ሆነ። እቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥንቃቄ እንግዳ አይሆንበትም።

በምዕተ ዓመቱ መባቻ ከ100,000 የሚበልጡ ቤተሰቦች ባለድርሻዎች ሆነው ነበር። ከኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት በ2000 በባሕር ላይ የተተከሉት የሚድልግሩንደን 20 ተርባይኖች የዚህ ዘመን ማሳረጊያ ናቸው። ግማሾቹ ከ8,500 በላይ አባላት ያሉት ማኅበር ንብረት ሲሆኑ፣ የቀሩት የከተማው ኃይል ድርጅት ናቸው። በመጀመሪያ የታሰበው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ሊተከል ነበር። ነዋሪው እይታችንን ያበላሻል ብሎ ሲቃወም ቁጥሩ ተቀነሰ፤ ረድፉም አንድ ቅስት ሆነ። ባለድርሻ የሆነ ሕዝብ እንዲህ ይከራከራል፤ ተከራክሮም ይስማማል።

ማዕበሉ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። የነዋሪነቱ ገደብ በ1990ዎቹ እየላላ መጥቶ በመጨረሻ ቀረ። በ1999 የወጣው የኤሌክትሪክ ገበያ ማሻሻያ ቋሚውን የመሸጫ ዋጋ በገበያ ዋጋ ለመተካት አሰበ፤ በ2001 ሥልጣን የያዘው መንግሥትም ድጋፉን ቆረጠ። ተርባይኑም እየገዘፈ በመሄዱ ዋጋው ከመንደርተኛ ኪስ በላይ ሆነ። (ይህኛውን በሕግ ላይ ብቻ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።) በየብስ ላይ የሚደረገው ተከላ ለዓመታት ቆመ ለማለት ጥቂት ቀረው፤ ሲቀጥልም የገንቢ ኩባንያ ሥራ ሆኖ ነበር። የጎረቤት ተቃውሞም አብሮ መጣ።

መንግሥት በ2008 ባወጣው ሕግ ገንቢዎች ቢያንስ 20 ከመቶውን ድርሻ በ4.5 ኪሎሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች እንዲያቀርቡ አዘዘ። ነዋሪው ግን በዕቅዱ ያልተማከረበትን ነገር እንዲገዛ ሲጋበዝ የድሮው ወኔ ከየት ይምጣ? ግዴታው በ2020 ተሻረ። በእግሩም ለቅርብ ጎረቤቶች በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ ተተካ። ያ የጥንቱ ባለቤት ዛሬ ለተርባይኑ ጥላና ድምፅ ካሣ ተቀባይ ሆኗል።