በመንገድ ዳር የተሸጠ ሥዕል፦ የኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ ታሪክ

«ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይህን ጥያቄ ተማሪዎቻችን በሥዕል ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያነሱታል። ወላጆችም ያነሱታል፤ የእነሱ ግን መልሱ አብሮ የመጣ ነው፦ «ይቅርብህ፣ ሒሳብህን አጥና!» እኛም ምክር ከምናበዛ ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አንድ እውነተኛ ታሪክ ብናቀርብ ይሻላል ብለን አሰብን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ማን ነበር?

ኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ በ1932 በደቡብ ታንዛኒያ፣ በቱንዱሩ አውራጃ ተወለደ። ያን ጊዜ አገሪቱ ታንጋኒካ ትባል ነበር፤ የምትተዳደረውም በእንግሊዞች ነበር። ደቡቡ ድሃ ስለነበር ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይሰደዳል። ቲንጋቲንጋም እንደ እኩዮቹ ወጥቶ በታንጋ አካባቢ በቃጫ እርሻ ላይ ሠራ። ከዚያ ወደ ዳሬሰላም ገባ። በሰው ቤት ተቀጥሮ አገለገለ፤ ኋላም በሙሂምቢሊ ሆስፒታል በዝቅተኛ ሥራ ተቀጠረ። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሥዕል መሥራት የጀመረው በ1968 ገደማ ነው። ዕድሜው 36 ሆኗል ማለት ነው፤ ልጅ አልነበረም።

ዕቃውና ገበያው

ሸራና የሠዓሊ ቀለም ውድ ነበር። እሱ ታዲያ ምን አደረገ? ቤት ሠሪዎች ለኮርኒስ የሚጠቀሙበትን ማዞኒት ገዛ፤ ቀለሙ ደግሞ ብስክሌት የሚቀባበት የሚያብረቀርቅ ቀለም ነበር። ሥዕሎቹ በአብዛኛው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሒሳብ የምታስተምሩ መምህራን ይህቺን ለክፍል ውሰዷት፦ አንድ ሙሉ ማዞኒት 4 ጫማ በ8 ጫማ ነው። 2 በ2 ጫማ ተደርጎ ሲቆረጥ ስንት ሥዕል ይወጣዋል? ስምንት፤ ምንም ቁራጭ አይተርፍም። አንድ ወጥ በሆነ መደብ ላይ አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን ወይም ወፍ በደማቅ ቀለም ይሥል ነበር። የብስክሌት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ስለማይዋሐድ ነጠብጣብና ጥርት ያለ መስመር ይበዛበታል። ዛሬ «የቲንጋቲንጋ ስልት» የምንለው በከፊል ከዕቃው የመጣ ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ቦታው ነው። ኦይስተርቤይ በዳሬሰላም የውጭ አገር ሰዎች በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያ ሞሮጎሮ ስቶርስ የሚባል ሱቅ ነበር። ሥዕሉ የተሸጠው ሱቁ ውስጥ ሳይሆን ሱቁ ደጅ፣ ከቤት ውጭ ነው። ባለቤቱ አጋታም እዚያው እየሸጠች ታግዘው ነበር። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ዞር ሲል ሥዕሉን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይዞ ይሄዳል። ግብዣ የለ፣ አዳራሽ የለ፣ የመግቢያ ክፍያ የለ።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ፣ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሚያውቁ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍለው ሸራ ላይ እየሣሉ ለውጭ ሰዎች ይሸጡ ነበር። በዚህ ሥራ በላቸው ይመር የተባሉት ሠዓሊ ይታወቃሉ። እዚያም ቢሆን የገዢው ፍላጎት የሥዕሉን ቅርጽ ለውጦታል፤ የግድግዳው ሥዕል ተጠቅልሎ የሚወሰድ ሆነ።

እሱ ሞተ፣ ሥራው ግን አልሞተም

ሥራው ሲደራ ቲንጋቲንጋ ብቻውን አልበላም። ዘመዶቹንና የአካባቢውን ልጆች ሰብስቦ አስተማረ። በ1972 ግን ፖሊሶች የሸሹ ወንበዴዎች መኪና መስሏቸው እሱ ያለበትን መኪና ተኩሰው መቱ፤ በዚያው ሞተ። አርባ ዓመቱ ነበር። ሥዕል የሠራው ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

የሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። ተማሪዎቹ ግን እዚያው ቦታ መሣልና መሸጥ ቀጠሉ። በ1977 ማኅበር መሠረቱ፤ በ1990 ደግሞ የቲንጋቲንጋ የሥነ ጥበብ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኑ። ቱሪስቱ በአውሮፕላን ይዞ እንዲሄድ ሥዕሉ ከማዞኒት ወደ ጨርቅ ተዛወረ፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ አነሰ። የአንድ ሰው ስም የብዙዎች መተዳደሪያ ሆነ።

ዋጋው ምን ነበር?

ነገሩን አሳምረን ብቻ ብንጨርሰው ተማሪን ማታለል ይሆናል። የመንገድ ዳር ገበያ የራሱ ዕዳ አለው። አንድ ሥዕል ዛሬ ከተሸጠ ነገ አሥር ሰው እሱኑ ይሥላል፤ ገዢውም «እዚያ ማዶ በግማሽ ዋጋ አይቻለሁ» ይላል። ዋጋ ይወርዳል፣ ሠዓሊው ለመብላት ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ደግሞ አዲስ ነገር ለማሰብ ጊዜ ያጣል። የባለቤትነት ጥያቄም አለ። በ2010 በናይሮቢ የተሠራ «ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ» የተባለ የልጆች ካርቱን በዚህ ስልት ተሠርቶ በብዙ አገር ታይቷል። ስልት የማን ነው? የጀመረው ሰው ነው፣ የተማሩት ናቸው ወይስ የሠፈሩ ሁሉ? መልሱ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ «ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ላለን ተማሪ መልሳችን ይህ ነው፦ ይሆናል፤ ግን እጅ ብቻውን አላበላም። ቲንጋቲንጋን ያበላው በቅርብ የሚገኝ ርካሽ ዕቃ፣ ገዢ የሚያልፍበት ደጅና አብራው የምትሸጥ ባለቤቱ ናቸው። ተከታዮቹን ያቆያቸው ደግሞ መማማርና መደራጀት ነው። በካምፓችንም እንግዳ ሲመጣ ሥዕል ይዘው የሚሰለፉ ልጆች አሉ። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ዋጋ እየሰበረ ከሚሸጥ ይልቅ አንድ ላይ ዋጋ ቢቆርጡ፣ ስማቸውንም ከሥዕሉ ጀርባ ቢጽፉ ምን ይቀርባቸዋል?

ለክፍል ውይይት፦
1. በአካባቢያችሁ እንደ ማዞኒትና የብስክሌት ቀለም በርካሽ የሚገኝ፣ ለሥዕል የሚሆን ነገር ምንድን ነው?
2. የጓደኛን ሥዕል አስመስሎ መሥራት መቼ ትምህርት፣ መቼ ስርቆት ይሆናል?
3. ቲንጋቲንጋ ለሌሎች ባያስተምር ኖሮ ዛሬ ስሙን እንሰማ ነበር?

መልሳችሁን ጻፉልን።