«ይሆናል» ያስረታት ከተማ

ታይጋርድ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ከፖርትላንድ ጎን ያለች ከተማ ናት። በዋናው ጎዳናዋ ላይ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የነበራቸው ወይዘሮ ፍሎረንስ ዶላን፣ 900 ካሬ ሜትር ገደማ የነበረውን ሱቅ ወደ እጥፍ ለማሳደግና 39 መኪና የሚያቆም አስፋልት ለማንጠፍ ፈቃድ ጠየቁ።

ማዘጋጃ ቤቱ «እሺ፣ ግን» አለ። ከግቢው ጥግ የሚያልፈው ጅረት ሲሞላ የሚያጥለቀልቀውን መሬት ለሕዝብ መናፈሻ ያስረክቡ። ከእሱ ቀጥሎ 4.5 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ይልቀቁ። ሁለቱ ተደምረው ከይዞታው 10 በመቶ ያህል ይሆናሉ፤ ያለ ካሳ።

በአሜሪካ ይህ የቆየ አሠራር ነው። ቤትና ሱቅ ሲበዛ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የፍሳሽ መስመሩም ይጠባል፤ ስለዚህ አልሚው ወይ መሬት ወይ ገንዘብ ያዋጣል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 የንብረት ግብርን በ1 በመቶ ስትገድብ፣ ካዝናቸው የሳሳ ከተሞች በዚህ መዋጮ ላይ ይበልጥ ተደገፉ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987፣ በባሕር ዳርቻ ቤት ሊሠሩ በጠየቁት የኖላን ባልና ሚስት መዝገብ፣ መዋጮው ግንባታው ከሚያስከትለው ችግር ጋር መገናኘት አለበት ብሎ ነበር። መጠኑስ? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ።

በኦሪገን ፍርድ ቤቶች የተረቱት ወይዘሮ ዶላን ጥያቄውን ይዘው ዋሽንግተን ደረሱ። ከተማዋ አዲሱ ሱቅ በቀን 435 ያህል ተጨማሪ የመኪና ምልልስ እንደሚያመጣ አስልታለች። የብስክሌት መንገዱ ከዚህ ስንቱን ያስቀራል? ሰነዷ መጨናነቁን በከፊል «ያቃልል ይሆናል» ከማለት አላለፈም።

በጁን 1994 ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ለወይዘሮዋ ፈረዱ። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛ ዊልያም ሬንኲስት፣ ጎርፍን ለመከላከል ቦታው ሳይገነባ መቆየቱ በቂ ሆኖ ሳለ የሕዝብ መናፈሻ የሚሆንበት ምክንያት አልተገለጸም አሉ። «ያቃልል ይሆናል» እና «ያቃልላል»ም ለእሳቸው አንድ አልነበሩም። የነጥብ ያህል ስሌት ባይጠየቅም፣ የሚወሰደው መሬት ከሚደርሰው ጫና ጋር መመጣጠኑን ከተማዋ ልታሳይ ይገባል። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ግን የማስረዳቱ ሸክም በከተማዋ ላይ መጫኑን አጥብቀው ተቃወሙ።

በ2013 ይህ የመመጣጠን ፍተሻ ወደ ገንዘብ መዋጮም ተሻገረ። በ2024 ደግሞ ተገጣጣሚ ቤት ለማቆም 23,420 ዶላር የመንገድ ክፍያ የተጠየቁ የካሊፎርኒያ ነዋሪ አቤት አሉ። ክፍያው በአካባቢው ምክር ቤት የተደነገገ መሆኑ ብቻውን ከዚህ ፍተሻ ነጻ አያወጣውም ሲሉ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

የመኪናውን ምልልስ 435 ብላ የቆጠረችው ታይጋርድ፣ የብስክሌቱን ሳትቆጥር በመቅረቷ ተረታች።