ቅጥቅጥ (አውቶቡስ)
ቅጥቅጥ በኢትዮጵያ በጭነት መኪና፣ በተለይም በአይሱዙ ሻሲ ላይ አገር ውስጥ አካል ተሠርቶለት ሰው የሚያጓጉዝ መለስተኛ አውቶቡስ ነው። ስሙ ላሜራው ተቀጥቅጦ መሠራቱን ያመለክታል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በአዊ ዞን እንጅባራንና ዳንግላን ያቋርጣል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም በዚያው መጠን ግድም ይቀንሳል። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያቃልላል።

በአሮጌ ሞተሮች መካኒኩ ፖምፓውን አስተካክሎ ናፍጣ መጨመር ይችላል። የጎደለው ግን አየር ስለሆነ ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። በአዳዲሶቹ የናፍጣውን መጠንና የሚረጭበትን ቅጽበት የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ፋብሪካው ጉልበትን፣ ፍጆታንና ጭስን አመዛዝኖ ስላስተካከለው የአየር ማጣሪያ ወይም የጭስ ማውጫ መቀየር ብቻውን የሚጨምረው ጥቂት ነው። ፕሮግራሙን መለወጥ የቱርቦ ሞተርን ጉልበት በርግጥ ያሳድጋል፤ ሆኖም ለሞተሩ ዕድሜ ሲባል የተተወውን መጠባበቂያ ይበላል።

ከሞተሩ ይልቅ አሳሳቢው ክብደት ነው። አካሉ፣ ፖርቶመጋላውና ጭነቱ የመኪናውን ክብደት በ10 በመቶ ቢጨምሩ፣ በዳገት የስበትን ኃይል ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበትም ሆነ በቁልቁለት ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል በ10 በመቶ ይጨምራል። ባሌስትራ መደረብ መኪናው በጭነት እንዳይረግብ ይረዳል እንጂ ፍሬኑን አያጠነክርም። በዚሁ መንገድ ላይ ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ግሎ መያዝ ሊያቆም ስለሚችል፣ ከባድ መኪና የሚወርደው በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው ነው።