ከምጣዱ በፊት ዘሩ፤ የማሽላ እንጀራ ታሪክ በጨፋ ሸለቆ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ፣ በቦርከና ወንዝ ውሃ የሚረሰርሰው ሰፊው የጨፋ ሜዳ ይዘረጋል። በስተምዕራብ ደጋው፣ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ያዋስኑታል። በበጋ ወራት ቆላው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ወደዚህ ሣር ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው አርሶ አደር ደግሞ በዳርቻው ማሽላውን ያመርታል። ወተትና ቅቤ ከእህል ጋር የሚለዋወጡበት ይህ ሸለቆ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ እንደ መሆኑ መጠን፣ የእንጀራውና የቂጣው ታሪክም የሁሉም የጋራ ታሪክ ነው።

የዚህ ታሪክ መነሻ ማሽላ ነው። ማሽላ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ለማዳ ከሆነ ከ5,000 ዓመታት በላይ እንዳለፈ በምሥራቅ ሱዳን የተገኙ የእህል ቅሪቶች ያስረዳሉ። ከዚህም የተነሣ እህሉ በደረሰበት አገር ሁሉ የየሕዝቡን የምጣድ ጥበብ ወልዷል። የሱዳን ሴቶች የቦካውን የማሽላ ሊጥ እንደ ወረቀት አሳስተው ኪስራ ይጋግሩበታል፤ በየመን ለሑሕ የሚባለው ባለ ዓይን እንጀራ ከዚሁ ዱቄት ይሠራል፤ በምዕራብ ሕንድ የሚገኘው የማሃራሽትራ ገበሬ ደግሞ ባክሪ የተባለውን ያልቦካ ቂጣ ከማሽላ ጋግሮ ይበላል። የማሽላ ዱቄት እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሊጥ ስለማይወጣው፣ እነዚህ ሁሉ ከወፍራም ዳቦ ይልቅ ስስ እንጀራንና ቂጣን መርጠዋል።

የጨፋ እናቶችም ለዚሁ ችግር የራሳቸውን መፍትሔ አግኝተውለታል። ዱቄቱ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ በኋላ፣ ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውሃ በስሎ አብሲት ይጣልበታል። የማሽላውን ሊጥ የሚያያይዘውና እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ የሚያደርገው ይህ ነው። ይሁን እንጂ የማሽላ እንጀራ ሲያድር ስለሚደርቅና ስለሚፈረፈር፣ ትኩሱን መብላት ወይም ዱቄቱን ከጤፍ ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው። የማሽላው አገዳም ቢሆን ከፊሉ ለከብት መኖ፣ ከፊሉ ለምጣዱ ማገዶ ይውላል።

ምጣድ ተሸክሞ መሄድ ለማይችለው መንገደኛ ደግሞ ብርኩታ ነበረለት። ሲራራ ነጋዴውና ዘማቹ ድቡልቡል ድንጋይ በእሳት አግሎ ሊጡን ይጠቀልልበትና በፍም ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሊጡ ከውስጥ በድንጋዩ፣ ከውጭ በፍሙ ይበስላል። የአፋር ጨው ወደ ባቲ ገበያ ሲወጣ፣ የደጋው እህል ወደ ቆላ ሲወርድ፣ የረጅሙ ጉዞ ስንቅ እንዲህ ያለው ነበር። ከ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ወዲህ መኪና መንገዱ ሲመጣ ግን የጎዳናው ከተሞች ሌላ ዳቦ ለመዱ፤ በኢጣሊያንኛ ምድጃ ማለት የሆነው «ፉርኖ» የነጭ ስንዴ ዱቄትና የዳቦ ስም ሆኖ ቀረ።

አማርኛ ተናጋሪው እንጀራ ሲል ምግቡን ብቻ ሳይሆን ኑሮውን፣ መተዳደሪያውን ማለቱ ነው። የዚህም ትርጉም ክብደት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሃብ፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በተደገመው እልቂት በመራራ ሁኔታ ታይቷል። ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ ጎተራው ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎም ገበሬው ለሚመጣው ዓመት ያኖረውን ዘር ለልጆቹ ቆልቶ ለማብላት ተገደደ። የእርዳታ ስንዴ የሰውን ሕይወት አተረፈ፤ የጠፋውን የማሽላ ዘር ግን ሊተካ አይችልም ነበር።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ ሁለት ብቻ አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ምንጫቸውም ወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ ግን የእነዚህን ዘመድ ያለ ቤተ ሙከራ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ እሸታቸውን ጠብሶ እየበላ ከመካከላቸው አንዱን «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞታል። ሳይንስ የወሎን ዘር ዋጋ ለዓለም በገለጸበት በዚያው ዘመን፣ የዘሩ ባለቤት በረሃብ ይረግፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። በዶክተር መላኩ ወረደ የተመሩት ባለሙያዎች ድርቅ በመታቸው አካባቢዎች እየተዘዋወሩ የገበሬውን ዘር ከመጥፋቱ በፊት ሰበሰቡ፤ ኋላም የተጠበቀውን ዘር በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ማሳ መልሰው እንዲዘራ አደረጉ። ዶክተር መላኩ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ ዓለም የአርመንን ላቫሽና የፈረንሳይን ባጌት የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ መዝግቧል፤ መልካም ነው። የጨፋ ሸለቆ ታሪክ ግን አንድ ቁም ነገር ይጨምርበታል። የጋጋሪዋ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሙያው የሚኖረው ግን በየዓመቱ ከአዝመራው ተለይቶ በሚቀመጠው ዘር ነው። እንጀራን በቅርስነት መጠበቅ ማለትም ከምጣዱ በፊት ገበሬው ዘሩን ለመብላት እንዳይገደድ ማድረግ ነው።