የሞጣ መዝገብ፣ የቢቸና ግብር

የትልቅ ድርጅት ድረ ገጽ ባለበት ሁሉ ጭቅጭቁ አንድ ነው፤ ማን ይጽፋል? ማን ያጸድቃል? ማንስ ያርማል? እኛ ግን ጥያቄው አዲስ ነው ሲሉን አናምንም። ጎጃምን እንይ።

ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት። በደብሩ መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ሽያጭ ይመዘገብ ነበር። አጻጻፉ የታወቀ መልክ አለው፦ የዘመኑ ሹማምንት፣ ሻጭ፣ ገዥ፣ ዋጋ፣ ዋስ፣ እማኝ። ጸሐፊው ብቻውን የሚጨርሰው ነገር አልነበረም። (ዛሬ ይህን «የሥራ ፍሰት» ብለው ሥልጠና ይሰጡበታል!)

ቅጹ ከአዲስ አበባ ሲመጣስ? በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ የገበሬው ምርት ይገመት ተባለ። የሞጣና የቢቸና ሰው ግን ግምቱን የቃላድ ጅማሮ፣ ርስት የመንጠቂያ ዘዴ አድርጎ ተረዳው። እማኝ የሌለበትን መዝገብ ማን ይመን? አመፀ። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ደበደበ። ኋላ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የዓመታት ውዝፍ ግብርም ተማረ።