የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞች የኤችአይቪ ጥናትና የጤና ምርምር ሥነ ምግባር በኢትዮጵያ

ከሳሪስ ተነስቶ በቃሊቲ በኩል እስከ አቃቂ የሚዘልቀው የደብረ ዘይት መንገድ የአዲስ አበባ ነባር የኢንዱስትሪ ቀጠና ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉት ፋብሪካዎች የሚታወሱት በምርታቸውና በቀጠሩት የሰው ኃይል ብዛት ቢሆንም፣ አካባቢው በአገሪቱ የጤና ምርምር ታሪክም የራሱ ስፍራ አለው። በአቃቂ የአንድ ቃጫ ውጤቶች ፋብሪካ ሠራተኞች በ1989 ዓ.ም በተጀመረ የረጅም ጊዜ የኤችአይቪ ጥናት ተሳትፈዋል።

ጥናቱን ያካሄደው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ሲሆን፣ ማዕከሉ በቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ከኔዘርላንድስ መንግሥት የልማት ትብብር በጀት ነው። ፕሮጀክቱ በ1990 ዓ.ም በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሁለተኛ የጥናት ቡድን አቋቁሟል። ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞች በየስድስት ወሩ እየቀረቡ የደም ናሙና ይሰጡና ስለ ጤናቸውና ስለ አኗኗራቸው ይጠየቁ ነበር።

ከሥራው የተገኘው ዕውቀት ቀላል አይደለም። ጤናማ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች የሰውነት መከላከያ ሕዋሶቻቸው መጠንና ይዞታ ከኔዘርላንዳውያን እንደሚለይ በዶክተር ፀሐይነሽ መሠለ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትሟል። በውጭ አገር መለኪያ ብቻ ኢትዮጵያዊን ሕመምተኛ መመዘን ሊያሳስት እንደሚችል ያመለከተ በመሆኑ፣ ለአገር ውስጥ ላቦራቶሪዎች ትልቅ ፋይዳ ነበረው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም በፕሮጀክቱ አማካይነት በአምስተርዳም የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። ዶክተር ፀሐይነሽ ኋላ የኢንስቲትዩቱ ዋና ዳይሬክተር ሆነዋል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ከሳይንሱ ይልቅ ከበድ ያለ ነበር። ጥናቱ ሲጀመር በአገሪቱ የኤችአይቪ ፖሊሲ ገና አልወጣም፤ ፖሊሲው የጸደቀው በ1990 ዓ.ም ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቫይረሱ በደሙ እንደሚገኝ የተነገረው ሠራተኛ ከምክር አገልግሎትና ለተጓዳኝ በሽታዎች ከሚሰጥ ሕክምና በቀር የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። የምርመራ ውጤቱን መስማት ወይም አለመስማት ለተሳታፊው ፈቃድ የተተወ ነበር፤ ሁሉም ውጤቱን ለመስማት አልመጣም። ለምን እንደቀሩና እነማን እንደመጡ ፕሮጀክቱ ራሱን የቻለ ጥናት አድርጎበት እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ አድርጓል። በፋብሪካ ግቢ ውስጥ አሠሪው፣ የሥራ ባልደረባውና ጎረቤቱ በሚተያዩበት ሁኔታ ምስጢር መጠበቅ ከወረቀት መመሪያ ያለፈ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ይህን የመሰለውን ጉዳይ አስቀድሞ የሚመረምረው የሥነ ምግባር ግምገማ ኮሚቴ ይባላል። ዓለም አቀፉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብና በዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 የጸደቀው የሄልሲንኪ መግለጫ ሲሆኑ፣ መግለጫው ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው በ2024 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በበኩሉ በ2005 የባዮኤቲክስና የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አጽድቋል።

በኢትዮጵያ የአገር አቀፉን ግምገማ ለረጅም ጊዜ ያስተባበረው የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ነው። የአገር አቀፉ መመሪያ አራተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሲሆን፣ አምስተኛውን በ2014 ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የየራሳቸው ኮሚቴ ያላቸው ሲሆን፣ እንደ መድኃኒትና ክትባት ሙከራ ያሉ ጉዳዮች ወደ አገር አቀፉ ኮሚቴ ይቀርባሉ። የመድኃኒት ሙከራ ከዚህ በተጨማሪ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪውን ፈቃድ ይፈልጋል። የደም ወይም የሕብረ ሕዋስ ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት መፈረም አለበት።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ተመራማሪው ከጤና ቢሮ ለዞን፣ ከዞን ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ሲደርስ፣ አርሶ አደሩ ወይም ሠራተኛው ጥናቱን የመንግሥት ትእዛዝ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የሥራ ኃላፊ የሚጽፈው ደብዳቤ ተመራማሪው ወደ አካባቢው እንዲገባ የሚያስችል ብቻ እንጂ የማንንም ሰው ፈቃድ የሚተካ አይደለም። ፈቃዱ የሚገኘው ከራሱ ከተሳታፊው፣ በሚረዳው ቋንቋ ከተገለጸለት በኋላ ነው፤ ማንበብ ለማይችልም በምስክር ፊት ይነበብለታል። እምቢ ማለት አገልግሎት እንደማያስቀርበት ሊነገረው ይገባል።

ወላይታ ላይ የተገኘው ልምድ ይህንኑ ያጠናክራል። በዶክተር ፋሲል ተኮላ የተመራ ቡድን እግርን በሚያሳብጠው የፖዶኮኒዮሲስ በሽታ ላይ የዘረ መል ጥናት ከማካሄዱ በፊት፣ የፈቃድ አጠያየቁ ራሱ ምን ችግር እንዳለበት መረመረ። በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚለው ንግግር የታማሚውን ቤተሰብ ለመገለል ይዳርጋል የሚል ሥጋት ስለተገኘ፣ የማብራሪያው አቀራረብ ተስተካከለ፤ የመገለል ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። የዘረ መል ጥናቱ ውጤት በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ለጥቂት ሳምንታት ሰዎችን ማነጋገር ለዋናው ምርምር ይህን ያህል መጥቀሙ፣ የበጀት አጽዳቂዎች «ተጨማሪ ወጪ» ብለው የሚያልፉትን ሥራ እንደገና እንዲያዩት የሚያስገድድ ነው።

ገንዘቡም ትምህርቱም በአብዛኛው ከውጭ ምንጭ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካው ፎጋርቲ ዓለም አቀፍ ማዕከል ከ2000 ጀምሮ በታዳጊ አገሮች የምርምር ሥነ ምግባር ትምህርትን ሲደግፍ፣ በ2003 የተመሠረተው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካዊ ሙከራዎች ትብብርም ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮችን የግምገማ ኮሚቴዎች አቅም ለማጎልበት ገንዘብ መድቧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ፍለጋና የሕክምና ሙከራ ማዕከል በዓለም ባንክ ድጋፍ ተቋቁሟል። የአንድ ፕሮጀክት ዘመን ሲያበቃ ሥልጠናው አብሮ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ጥናት ለመመርመር የሚቀመጡት የኮሚቴ አባላት በየጊዜው አዲስ ይሆናሉ።

በዘነበ ወርቅ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የሚገኘው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተመሠረተው በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስሙ የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ይኸው ሐኪም ያለ ፈቃዷ በአንዲት ታማሚ ዐይን ላይ የበሽታውን ንጥረ ነገር በማስገባቱ፣ በ1880 በበርገን ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነስቷል። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ ከአለርት ጋር የሚጋራው የሥነ ምግባር ግምገማ ኮሚቴ አለው።